ካሜራዋ ከየትኛው ባትሪ ትጠጣ?

ከአዳማ ተነስቶ በኢተያ፣ በአሰላ፣ በሳጉሬና በቦቆጂ አድርጎ ወደ ባሌ የሚዘልቀው አስፋልት አሰላን መሐል ለመሐል ያቋርጣታል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ባሉ ሰፈሮች የግቢ በሩ ለሰውና ለከብት እንጂ ለመኪና ያልተሠራ ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ ማታ ማታ አጥር ጥግ ተጠግቶ የሚያድር መኪናም ብዙ ነው። ከሚከተሉት ተናጋሪዎች አንዷ ቪትዟን እንዲሁ ደጅ የምታሳድር የሂሳብ መምህርት ናት። ሌላው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ሥራውን ቆርቆሮ ለበስ በሆነች አንዲት ጋራዥ በር ላይ ይሠራል። ወደ ማታ ገደማ የሰፈሩ ዘበኛ ይደርሱባቸዋል።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ይቺ ካሜራ ሞተሩን ሳጠፋው አብራ ትጠፋለች። እኔ እኮ የገዛኋት መኪናዋ ቆማ ለምታድርበት ሰዓት ነው።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ የሰካሻት የሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ላይ ነዋ። ቁልፉ ሲነቀል እሱም ይዘጋል። ቢዘጋም ነው የሚሻለው፤ አለዚያ ጠዋት ጠዋት የሰፈር ልጅ ሰብስበሽ ግፉልኝ ስትዪ ነበር። መግፋቱም አያዋጣሽም፣ የአንቺዋ አውቶማቲክ ናት፤ ተገፍታ አትነሳም። ለመሆኑ ምን ደርሶብሽ ነው?

መምህርቷ፦ የግራውን ስፖኪዮ ገነጠሉልኝ። በሩንም እዩት።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ (ጭረቱን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ) ይሄ መኪና አይደለም ልጄ። መኪና ቢሆን ቀለሙን ትቶልሽ ይሄድ ነበር። እዚህ ከኋላው በር ላይ ጥልቅ ሆኖ ይጀምርና ወደ ፊት እየሳሳ ሄዶ ስፖኪዮው ላይ ያበቃል። የእንጨት ስንጥር እንኳ በጎማው ጠርዝ ላይ ቀርቷል፣ ይኸው። ጋሪ ነው። ከኋላሽ መጥቶ ጎንሽን ታክኮ ወደ ፊት አለፈ።

መምህርቷ፦ ጋሪ ነው ብዬ እኔም ጠርጥሬያለሁ። ግን የማን ጋሪ? መድኔም የሦስተኛ ወገን ብቻ ነው። በአዋጅ 799/2005 ያለው ግዴታ እኔ በሌላው ላይ ለማደርሰው ጉዳት እንጂ ለራሴ ስፖኪዮ አይሆንም። ስለዚህ እባክዎ ካሜራዋን ከመኪናዋ ባትሪ በቀጥታ ይቀጥሉልኝ። ሌሊቱን ሙሉ ትቅረፅ።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ መቀጠሉ ለእኔ ቀላል ነው። ከፊውዝ ሳጥኑ ሁልጊዜ ኃይል ካለው አንድ ሽቦ፣ በቁልፍ ከሚሠራው አንድ ሽቦ፣ ሦስተኛውን ቦዲ ላይ አስሬ እጨርሳለሁ። ግን መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ። ሂሳብ ደግሞ ያንቺ ነው።

መምህርቷ፦ ቁጥሩን ይስጡኝ።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ የቪትዝ ባትሪ አዲስ ሲሆን 35 አምፔር አወር ገደማ ይይዛል። ቮልቱ 12 ነው። ካሜራዋ ደግሞ እየቀረፀች 4 ዋት ትበላለች እንበል፤ ከዚያ የምታንስም የምትበልጥም አለች።

መምህርቷ፦ 35 በ12፣ 420 ዋት አወር። ከማታው 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ በ4 ሲባዛ 48። ከ420 ላይ 48! አሥር በመቶ ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ጋሼ፣ በዚህ ነው እንዴ የሚያስፈራሩኝ?

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ወረቀት ላይ አያስፈራም። ባትሪውን ግን እስከ መጨረሻው ጠብታ መጠጣት አትችዪም። ሞልቶ ሲያርፍ ቴስተሩ 12.6 ያሳይሻል። 12.2 ሲያሳይ ግማሹ አልቋል፣ 12 ላይ ደግሞ ሩብ ያህል ነው የቀረው። ከግማሽ በታች ደጋግመሽ ካወረድሽው ሳህኖቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይጋገራል፤ የተጋገረውን ዲናሞው መልሶ አይፈታውም። ስለዚህ የአንቺ ድርሻ ግማሹ ነው፣ 210። ይሄም ለአዲስ ባትሪ ነው። ያንቺን ስንት ዓመት ሆነው?

መምህርቷ፦ መኪናዋን ስገዛ አብሮ የመጣ ነው።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ እንግዲያውስ እሱንም ለሁለት ክፈዪው። 105 በዪ። በዚህ ላይ መኪናዋ ራሷ ተኝታም ትበላለች፤ ሰዓቱ አለ፣ ሬዲዮው ጣቢያ ያስታውሳል፣ አላርም ካስገባሽ አላርሙ አለ። አሁን ደግሞ ዓርብ ማታ አቁመሻት ሰኞ ጠዋት የምትነሺበትን አስቢው።

መምህርቷ፦ ስልሳ ሰዓት። 240 ዋት አወር። ከአዲሱ ባትሪ ድርሻም አለፈ።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ አየሽ? ለአንድ ሌሊት ደህና ባትሪ ይችላታል። ሰው የሚሸወደውም በዚሁ ነው፤ የመጀመሪያው ጠዋት ሲነሳለት ሁልጊዜ የሚነሳለት ይመስለዋል። ከዚህ ሁሉ ጋር የአሰላን ብርድ ጨምሪበት። እዚህ 2,400 ሜትር ላይ ነን። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል ንጋት ላይ ውርጭ ይወርዳል፣ ቦቆጂ ደግሞ ይብሳል። ዜሮ ዲግሪ አካባቢ እንዲህ ያለው ባትሪ ካለው አቅም አንድ አምስተኛ ያህሉን ይሰስታል። ዘይቱም ይወፍራል፣ ሞቶሪኖውም የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ንጋት ላይ ካሜራሽ የጠጣችው፣ ብርዱ የቀነሰውና ሞቶሪኖው የሚፈልገው በአንድ ደቂቃ ይገናኛሉ።

መምህርቷ፦ ግን ያው ባትሪ ባትሪ አይደለም እንዴ? ኃይል ከያዘ ለምን ቀስ ብሎ መስጠት ያቅተዋል?

ኤሌክትሪሺያኑ፦ አሠራሩ ነው። የማስነሻ ባትሪ ውስጡ ብዙ ስስ ሳህን ነው፤ ከአሲዱ ጋር የሚገናኘው ገጽ እንዲበዛ። ስለዚህ ሁለት ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ከመቶ አምፔር በላይ ይለቃል፣ ከዚያ ዲናሞው ወዲያው ይተካለታል። ለሶላር የሚሸጠው ወፍራም ሳህን አለው፤ እሱ ቀስ እያለ ሌሊቱን ሙሉ ይሰጥሻል። የመኪናሽ ባትሪ የመቶ ሜትር ሯጭ ነው፤ አንቺ ማራቶን ሩጥልኝ እያልሽው ነው።

መምህርቷ፦ አርሲ ላይ ለምን የመቶ ሜትር ሯጭ ተገኘ?

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ከውጭ ነዋ የመጣው! (ይስቃሉ) ሌላም አለ። ትምህርት ቤትሽ ሩቅ ነው?

መምህርቷ፦ ሲሄዱ አሥር ደቂቃ፣ ሲመለሱ አሥር ደቂቃ።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ እሱ ነው ጣጣው። ዲናሞው 14 ቮልት አካባቢ ይሰጣል፣ ይሁን እንጂ የእርሳስ ባትሪ ሲጠግብ አዝጋሚ ነው፤ በተለይ የመጨረሻዋን ሃያ በመቶ ለመሙላት ሰዓታት ይወስዳል። በአሥር ደቂቃ ለማስነሳት ያወጣውን ቢተካ ነው። ክረምት ሲሆን መብራቱ፣ መጥረጊያው፣ የመስታወቱን ጉም የሚያጠፋው ማራገቢያ አለ። አዳማ ደርሶ የሚመለስ ሰው ሌላ ነው። አንቺ ግን ካሜራ ሳይጨመርም ባትሪሽ ተርቦ ነው የሚኖረው።

መምህርቷ፦ ቮልቱ ሲወርድ ራሱ የሚያቋርጥ ነገር አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ አለ። 12.2 ላይ፣ ወይ 12 ላይ ቁረጥ ብለሽ የምታዢው ኪት ነው። መኪናሽ እንዳትነሳ ከማድረግ ያድንሻል። ነገር ግን ለደከመ ባትሪ ምን ይሆናል መሰለሽ? ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይቆርጥና ካሜራዋ ትተኛለች። ጋሪው የሚመጣው ስንት ሰዓት ነው?

መምህርቷ፦ ንጋት ላይ ነው መሰለኝ፣ ወደ ገበያ ሲወርዱ። እሺ እንግዲያውስ ሁለተኛው ሐሳቤ ይኸውሎት። (ከቦርሳዋ ፓወር ባንክ ታወጣለች) ወንድሜ ከዱባይ ያመጣልኝ ነው። ካሜራዋን ከዚህ ብሰካት መኪናዋም አትነካም፣ ሽቦም አይቆረጥም።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ በእጅ ሻንጣው ነው ያመጣው?

መምህርቷ፦ አዎ፣ ሻንጣ ውስጥ አይገባም ብለውታል።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ልክ ናቸው፣ በሚጫነው ሻንጣ የተከለከለ ነው። በእጅም ቢሆን ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ 100 ዋት አወር ድረስ ነው። አሁን ጀርባውን እናንብብ። 20,000 ሚሊአምፔር አወር ይላል፣ በትልቁ። ከሥር በደቃቁ ደግሞ 3.7 ቮልት፣ 74 ዋት አወር። ከዚያ ወረድ ብሎ፣ መነጽሬን ስጪኝ፣ በ5 ቮልት 12,000።

መምህርቷ፦ ሃያ ሺው የት ሄደ?

ኤሌክትሪሺያኑ፦ አልሄደም። ሃያ ሺው በውስጡ ባለው ሊቲየም ሴል ቮልት የተቆጠረ ነው። ለካሜራሽ የሚወጣው 5 ቮልት ነው፤ ቮልቱ ከፍ ሲል አምፔሩ ያንሳል፣ ሲቀየርም በሙቀት የሚባክን አለ። ደቃቁን ጽሕፈት የጻፈ ፋብሪካ ሐቀኛ ነው። ገበያ ላይ 50,000 ተብሎ ተጽፎበት እንደ ብስኩት የሚቀል ታገኛለሽ። አንቺ ቅመም ሻጭ ጋ ሂጂና ሚዛን ላይ አስቀምጪው፤ እውነተኛ ሃያ ሺ ከ300 ግራም በታች ከሆነ አትመኚው። ሴሎቹ ብቻቸውን ያን ያህል ይመዝናሉ።

መምህርቷ፦ እንግዲህ 12 በ5፣ 60 ዋት አወር። በ4 ሲካፈል 15 ሰዓት። ጋሼ! ሌሊቱን ይዞልኝ ሦስት ሰዓት ይተርፈዋል። በቃ ተገላገልን።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ አንቺ ደግሞ ቸኮልሽ። በምን ትሞዪዋለሽ?

መምህርቷ፦ ስነዳ እዚያው ሶኬት ላይ።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ በሶኬቱ ላይ የምትሰኪው ተራ ቻርጀር 5 ቮልት በ2 አምፔር ነው። አሥር ዋት። ሰባ አራቱን ለመሙላት ከብክነቱ ጋር ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ንጂ ይልሻል። ከአሰላ አዳማ 75 ኪሎ ሜትር፣ አንድ ሰዓት ተኩል ብትወስጂ የሞላሽው ለሁለት ሰዓት ተኩል ቀረፃ ይበቃ እንደሆነ ነው። የአሥር ደቂቃዋማ አትወራም። ፈጣን በሚባለው 18 ዋት ቻርጀርም አምስት ሰዓት ያህል ነው።

መምህርቷ፦ (ትንሽ ዝም ብላ) ሰው ፓወር ባንክ ገዝቶ መኪናው ውስጥ ረስቶት በሦስተኛው ቀን ካሜራው ጠፍቶ የሚያገኘው ለዚህ ነዋ።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ለዚህ ነው። ባለ መኪናው ግን ካሜራው ተበላሸ ብሎ ነው እኔ ጋ የሚመጣው። ሌላም ተንኮል አለው። አንዳንዱ ፓወር ባንክ እየተሞላ አይሰጥም። የሚሰጠውም ቢሆን ሞተሩን ባጠፋሽ ቅጽበት ብልጭ ብሎ ይቆርጥና ካሜራዋ ጠፍታ ትነሳለች። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ፣ ካሜራዋን እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ ቅረጪ ብለሽ ብታሳርፊያት የምትወስደው ኃይል ኢምንት ይሆናል። ያኔ ፓወር ባንኩ «ስልኩ ሞልቷል» ብሎ ራሱን ያጠፋል። የተሠራው ለስልክ ነዋ! አንዳንዱ ቁልፉን ሁለቴ ሲጫኑት ለጆሮ ማዳመጫና ለእጅ ሰዓት የሚሆን አነስተኛ ኃይል መስጠት ይቀጥላል፤ ያም ቢሆን ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ይተዋል።

መምህርቷ፦ ታዲያ ለካሜራ ተብሎ የተሠራ ባትሪ የለም?

ኤሌክትሪሺያኑ፦ አለ እንጂ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው። 12.8 ቮልት፣ 6 አምፔር አወር።

መምህርቷ፦ 76.8 ዋት አወር። ከእኔው ጋር እኩል በሉት።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ በመጠን እኩል ነው፣ በአጠጣጥ ግን አይገናኙም። ከሲጋራ መለኮሻው በ5 አምፔር ይጠጣል። አዳማ እስክትደርሺ ይሞላል። በቀጥታ ከተቀጠለ በ9 አምፔር ይጎርስና ሰዓት ሳይሞላ ይጨርሳል። ሙቀት ይችላል፣ ሺህ ጊዜና ከዚያ በላይ ቢሞላ ቢወርድ አይከፋውም። ኮሪያዎቹ ናቸው በዚህ የበረቱት፤ እዚያ ካሜራ የሌለው መኪና ብርቅ ነው፣ ስሙንም ብላክ ቦክስ ነው የሚሉት፣ እንደ አውሮፕላኑ። ዋጋው ግን ካሜራሽን ደግሞ ይገዛል። ከ200 ዶላር በላይ ነው። ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ዋጋ ይመራ ከተባለ ወዲህ ያን በብር ስታሰቢው አንድ አይደለም፣ ስንት ስፖኪዮ ይገዛልሽ መሰለሽ።

መምህርቷ፦ ለእኔ ደግሞ በ5 አምፔርም ቢሆን አይሞላም። ሃያ ደቂቃ በቀን፣ 22 ዋት አወር ያህል። አምስት ሰዓት ተኩል ቀረፃ። አይ ጋሼ፣ ተውት። እርስዎ እስካሁን የነገሩኝን አንድ ላይ ሳየው ሁሉም ችግር አንድ ነው። ሁሉም ዲናሞው ይሙላልን ነው የሚለው። የእኔ ዲናሞ ደግሞ በቀን ሃያ ደቂቃ ነው የሚሠራው። ቤቴ ያለው ሶኬት ግን ሌሊትም ቀንም 220 ቮልት ነው።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ መብራት ካለ።

መምህርቷ፦ መብራት ካለ። ፓወር ባንኩን ጠዋት ከመኪናው አውጥቼ ይዤው እገባለሁ፣ እዚያ ይሞላል፣ ማታ መልሼ እሰካዋለሁ። ሦስት መቶ ምናምን ግራም ዕቃ መሸከም አያቅተኝም።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ (ራሱን ይነቀንቃል) እኔ ሽቦ መዘርጋት ስለምወድ ነው መሰል ይሄ አልታየኝም ነበር። ይሠራል። እንዲያውም ለብርዱም ለሙቀቱም የሚሻለው ይሄ ነው። ሊቲየም ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ ሳለ ከሞሉት ውስጡ ይጎዳል፤ ቤት ውስጥ ስትሞዪው ያ አያሳስብሽም። ቀን ደግሞ ክሩስኮት ላይ አይቀቀልም። አሰላ አየሩ ቀዝቃዛ ነው ብለሽ አትታለዪ፣ የደጋ ፀሐይ በመስታወት ከገባች ክሩስኮቱን እጅሽ አይችለውም። ስምጥ ሸለቆ ወርደሽ አዳማ ብታቆሚማ ጨርሶ እንዳትተዪው።

መምህርቷ፦ ማታስ የት ላስቀምጠው?

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ከወንበሩ ሥር። ሽቦውን ደግሞ በጣሪያው ጨርቅ ጠርዝ አስገብቼ፣ በምሶሶው አውርጄ፣ ምንጣፍ ሥር እደብቀዋለሁ። ሲበራ የሚታይ ፓወር ባንክ መስታወት ያሰብራል፤ ስፖኪዮ ለማዳን ስትዪ መስኮት እንዳትገዢ። የፓወር ባንኩ መብራት ላይም ናስትሮ እለጥፍበታለሁ።

(ዘበኛው ካፖርታቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው ይደርሳሉ።)

ዘበኛው፦ አካም ኦልተን! ደህና ዋላችሁ ልጆቼ? ይቺ ናት እንዴ ሌሊት አብራኝ የምትጠብቀው?

መምህርቷ፦ ደህና ዋሉ አባባ? እሷ ናት። ይቆጡኝ ይሆን?

ዘበኛው፦ ለምን እቆጣለሁ። እኔ ከላይ እስከ ታች ሦስት መንገድ ነው የምዞረው። ታች ስሆን ላይ የሆነውን አላይም። ግን ልጠይቅሽ፣ መብራት ሲጠፋ ይቺ ምን ታያለች?

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ምንም። ኦቦ ልክ ብለዋል። ይቺ ካሜራ የማታ መብራት የላትም። የመንገዱ ፖል ሲበራ ታያለች፣ ሲጠፋ የምትቀርፀው ጥቁር ነው። ጨረቃም ካለች እንደ ነገሩ።

ዘበኛው፦ እኔ ባትሪዬን አበራለሁ። ደግሞ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ሯጮቹ አሉ። ልጆቹ በቡድን ሆነው በዚህ በኩል ነው ሽቅብ የሚወጡት። ሁሉንም ሌባ ብላ ልትጽፍ ነው?

መምህርቷ፦ ይኸውልዎ፣ እንቅስቃሴ ስታዪ ብቻ ቅረጪ ማለቱ ለዚህም አይሆንም። ሯጩ፣ ውሻው፣ ብቅል ፋብሪካ ገብስ የሚያራግፈው ከባድ መኪና፣ ሁሉም ይቀሰቅሳታል።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ንዝረት የምትለካዋም ነገር እንደዚያው ናት። ስሜቷን ካበዛሽው አይሱዙ ባለፈ ቁጥር ፋይል ትቆልፋለች። ከቀነስሽው ቀስ ብሎ የሚጭር እንጨት አይሰማትም። ካርዱንስ አስበሽዋል? ስንት ነው ያስገባሽው?

መምህርቷ፦ 64 ጊጋባይት።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ካሜራሽ በሰከንድ 15 ሜጋቢት ትጽፋለች እንበል።

መምህርቷ፦ በሰዓት 6.75 ጊጋባይት። 64 ለዚያ ሲካፈል ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ጋሼ፣ ሌሊቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው! ካርዱ ሲሞላ ከመጀመሪያው እየደመሰሰች ነው የምትቀጥለው፤ የማታው 12፣ 1 እና 2 ሰዓት ጠዋት ላይ የሉም ማለት ነው። ባትሪው ሌሊቱን ችሎ ካርዱ ሳይችለው ሊቀር!

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ስለ ባትሪ ሲከራከር የሚውል ሰው ካርዱን አያስብም። ከሜኑው ውስጥ ግን ታይም ላፕስ የሚል አለ። በሰከንድ አንድ ፎቶ ብቻ አድርጊያት።

መምህርቷ፦ አሥራ ሁለት ሰዓት 43,200 ሰከንድ ነው። በሰከንድ ሠላሳ ፍሬም ሲጫወት 1,440 ሰከንድ። ሃያ አራት ደቂቃ! ቁርስ እየበላሁ ሌሊቱን ሙሉ አየዋለሁ።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ኃይል ብዙ አይቆጥብልሽም፣ ዓይኗም አንጎሏም እንደበሩ ናቸው። ካርዱን ግን ያድንልሻል። ሌላው ጥቅም፣ ያለማቋረጥ ስለምትሠራ ፓወር ባንኩ ሞልቷል ብሎ አይዘጋም። ጋሪ ደግሞ በእርምጃ ነው የሚሄደው፤ በሰከንድ አንዴም ብትነሳ ደጋግማ ትይዘዋለች።

ዘበኛው፦ የጫረሽ ከኋላ መጥቶ ነው አላችሁ?

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ከኋላ። ስለዚህ ሲጭር አታየውም፣ ካለፈ በኋላ ግን ጀርባውን ታየዋለች። የጋሪውን ጀርባ፣ የፈረሱን ቀለም።

ዘበኛው፦ ፈረሱን ካሳየሽኝ ይበቃል። የዚህን ሰፈር ፈረስ እኔ ከነባለቤቱ አውቃለሁ። ግራ እግሩ ነጭ ከሆነ እንዲያውም አሁኑኑ ልነግርሽ እችላለሁ።

መምህርቷ፦ ቆይ አባባ፣ ሳናይ አንፍረድ።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ እሱ ነው ደግሞ ሌላው ነገር። ማስረጃ አለኝ ብለሽ የሰው ፊት ቴሌግራም ላይ እንዳትለጥፊ። በ2016 የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፣ ቁጥር 1321። የሰው መረጃ ሰብስቦ እንደልብ መበተን ድሮ እንደነበረው አይደለም።

መምህርቷ፦ ጀርመኖችም ተጨንቀውበታል። እዚያ ያለው ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 የወሰነውን አንብቤያለሁ። ያለ ምክንያት ሁሉን ነገር ያለማቋረጥ መቅረፅ የዳታ ሕጉን ይጥሳል፣ ሆኖም ቀረፃው በፍትሐ ብሔር ክርክር በማስረጃነት ሊቀርብ ይችላል አሉ። ጥፋትም ነው ማስረጃም ነው እንደ ማለት።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ሩሲያዎች ደግሞ እንደዚያ አልተጨነቁም። ሆን ብሎ መኪና ሥር ገብቶ ካሳ የሚጠይቅ ስለበዛባቸው ሁሉም ካሜራ ሰቀለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 ቼልያቢንስክ ላይ ያ ኮከብ የመሰለ ድንጋይ ከሰማይ ሲወድቅ ዓለም ያየው በእነሱ የመኪና ካሜራ ነው።

ዘበኛው፦ አሰላ ላይ ድንጋይ ከሰማይ አይወርድም። ከልጆች ወንጭፍ ነው የሚወርደው። እኔንስ ትቀርፀኛለች?

መምህርቷ፦ በፊቷ ካለፉ ትቀርፅዎታለች አባባ። ደስ ካላለዎት ይንገሩኝ፣ አቅጣጫዋን ትንሽ ወደ አስፋልቱ እመልሳታለሁ።

ዘበኛው፦ አይ፣ ትቅረፀኝ። የኮሚቴው ሰዎች ደሞዝ ሲከፍሉኝ «ተኝተህ ነው የምታድረው» ይሉኛል። ሃያ አራት ደቂቃውን ታሳያቸዋለሽ።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ (እየሳቀ) ይሄ ከስፖኪዮው ይበልጣል። በዪ ልጄ፣ ቅዳሜና እሑድ ግን አገር ቤት ከሄድሽ አታስቢያት። ፓወር ባንኩን ቀይሮ የሚሰካ ከሌለ ካሜራዋ ቅዳሜ ጠዋት ላይ አልቃለች። ያኔ ጥበቃ ያለበት ፓርኪንግ አስገቢያት። የመኪናዋን ባትሪ ደግሞ አሁን ልለካው፣ ኮፈኑን ክፈቺልኝ። (ቴስተሩን ያሳርፋል) 12.3። ሳይነካም ግማሽ ገደማ ላይ ነው። እዚህ ትተሽው እደሪ፣ በፈጣን ቻርጀር ሳይሆን በዝግታ ልሙላው። ሞርሴቶውም ነጭ አመድ አብቅሏል፣ በሙቅ ውኃ አጥቤ አጠብቀዋለሁ። ካልያዘ ከክረምቱ በፊት መቀየር ነው።

መምህርቷ፦ ሂሳቡ ስንት ነው ጋሼ?

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ሽቦው ሲያልቅ እንነጋገራለን። ፓወር ባንኩን ግን ቤት ውሰጂው፣ መብራት ሳይጠፋ ሙዪው።

ዘበኛው፦ ቆይማ። እዚህ ጎኑ ላይ ሌላ ቀዳዳ አለችው። እሷ ምን ትሠራለች?

መምህርቷ፦ ለሁለተኛ ዕቃ ናት። ምነው አባባ?

ዘበኛው፦ ስልኬ ንጋት ላይ ትሞትብኛለች። ይቺ ባለ ቁልፏ ናት፣ ብዙም አትበላ።

መምህርቷ፦ (ስልኩን ከፍታ ባትሪውን ታነባለች) 1,000 ሚሊአምፔር አወር፣ በ3.7 ቮልት። 3.7 ዋት አወር። ካሜራዋ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የምትበላው ነው፤ የሚተርፈን ደግሞ ሦስት ሰዓት ነው። ግን መኪናዋ ማታ ትቆለፋለች አባባ፤ እንዴት ይሆናል?

ዘበኛው፦ 12 ሰዓት ላይ ስትሰኪያት ያን ጊዜ ከውስጥ አስቀምጪልኝ። ጠዋት ስትወጪ ትሰጪኛለሽ።

መምህርቷ፦ እንዲያ ከሆነ ሌሊቱን ያለ ስልክ ሊያድሩ ነው?

ዘበኛው፦ እውነትሽን ነው። እንግዲያው ቀን ቤትሽ ስትሞዪው እሷንም አብረሽ ሙዪልኝ። ማታ እወስዳታለሁ።